ባንኮኒው ጋ ሂዱ፦ በቪክቶሪያ ዘመን ፐብና በቆዩ የለንደን ምግብ ቤቶች እንዴት እንደሚበላና እንደሚጠጣ

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ የቆየ ፐብ፣ ማለትም የእንግሊዞች መጠጥ ቤት፣ ገባንና ጥግ ይዘን ተቀመጥን። አስተናጋጅ እንጠብቃለን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ብርጭቆ የሚሰበስበው ልጅ ሁለቴ መጥቶ ጠረጴዛችንን ወልውሎ ሄደ፤ ምን ልታዘዝ ያለን ግን የለም። የአክስቴ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጥቁር ስለሆንን ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት፣ ተነስተን ወጣን። እውነቱን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ፐብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ጠረጴዛ ድረስ መጥቶ አይታዘዝም፤ ተነስቶ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ማዘዝ የእኛ ፋንታ ነበር። የነገረን ሰው ስላልነበረ ብቻ ተቀይመን ወጣን። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይወጣ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ቤቶች በጣም ያምራሉ፣ ደግሞም ለማንም ክፍት ናቸው።

ፐብ የሚለው ስም ራሱ «የሕዝብ ቤት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ያጠረ ነው። አባልነት የለም። በር ላይ ለምን መጣህ የሚል የለም። አልኮል የማይጠጣ ሰውም ሶዳ በሎሚ ወይም ቡና ይዞ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የሚያስጠይቀው ዕድሜ ነው። መጠጥ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፣ ከ25 በታች ከመሰላችኋቸው ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ፊታችሁ ልጅ ከሆነ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

መጀመሪያ የት ልሂድ ካላችሁኝ ሆልቦርን ያለውን ፕሪንሰስ ልዊዝን እላችኋለሁ። ከምድር ባቡር ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤቱ የተሠራው በ1872 ሲሆን አሁን የምናየው ጌጥ የገባው በ1891 ነው። በሩን ገፋ አድርጋችሁ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ጠባብ ኮሪደር ነው፤ ግድግዳው በባለ ቀለም ሴራሚክ የተለበጠ፣ ትልልቆቹ መስታወቶች ላይ አበባና ቅጠል የተቀረጸ። ከኮሪደሩ ትንንሽ በሮች ወደ ትንንሽ ክፍሎች ያስገባሉ። ክፍሎቹን የሚለያያቸው ጠቆር ያለ እንጨትና ያው የተቀረጸ መስታወት ነው፣ ሁሉም ግን ወደ መሃሉ ባንኮኒ ክፍት ናቸው። ቀጂው መሃል ቆሞ ለሁሉም ይቀዳል፤ እናንተ የጎረቤት ክፍሉን ሰው ሳቅ ትሰማላችሁ እንጂ ፊቱን አታዩትም። ወንዶች መጸዳጃ ቤቱንም ሳታዩ እንዳትወጡ፣ ያ ሁሉ እብነ በረድ እስካሁን አለ። የቤቱ ባለቤት የሆነው ሳሙኤል ስሚዝ የተባለው ጠማቂ በፐቦቹ ውስጥ ሙዚቃም ሞባይልም አይፈቅድም፣ ስለዚህ ስልክ ከተደወለላችሁ ወጣ ብላችሁ አውሩ። ዝምታው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ግን ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ መስማት እንዴት እንደናፈቃችሁ ይገባችኋል።

ቤቱ የተሰየመላት ልዊዝ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ናት። ቪክቶሪያ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈውላት መልስ የጠበቁባት ንግሥት ናት። ይህ ቤት ሲሠራ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እዚሁ እንግሊዝ አገር ተማሪ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ለምን ይህን ያህል አጌጡ የሚለውን ማወቅ ቤቱን ለማየት ይረዳል። እስከ 1845 ድረስ መስታወት ላይ ከባድ ቀረጥ ነበር፤ ቀረጡ ሲነሳ መስታወት ረከሰ፣ ፐቦችም በመስታወት ተሞሉ። በዘመኑ መጨረሻ፣ በተለይ በ1890ዎቹ፣ ጠማቂዎቹ ቤት ለመግዛትና ለማሳመር ተሽቀዳደሙ። በሌላ በኩል መጠጥ ይከልከል የሚሉ ማኅበራት ጠንክረው ስለነበር ፈቃድ የሚሰጡት ዳኞች ቆሻሻና ጨለማ ቤትን አይወዱም፤ ያማረ ቤት ፈቃዱን ለማቆየት ይረዳል። የተቀረጸው መስታወትም ሥራ ነበረው፤ ብርሃን ያስገባል፣ ከመንገድ ላይ ግን ማን እንደሚጠጣ አያሳይም። ክፍልፋዩ የመጣው ከመደብ ልዩነት ነው። የቀን ሠራተኛው በአንድ በር ይገባል፣ ጸሐፊውና ባለ ሱቁ በሌላ በር ገብተው ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ። ላምስ ኮንዲዊት መንገድ ላይ ባለው ዘ ላም ውስጥ ባንኮኒው ላይ በዓይን ትክክል የተገጠሙ፣ እንደ መስኮት የሚሽከረከሩ ትንንሽ መስታወቶች ታያላችሁ። ጨዋው ደንበኛ ገፋ አድርጎ ያዝዛል፣ መልሶ ይዘጋል፣ ቀጂው ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አያይም። በእጃችሁ አሽከርክሯቸው፣ ግን ቀስ ብላችሁ።

ኦክስፎርድ ሰርከስ ገበያ የወጣ ሰው አርጋይል አርምስን እግረ መንገዱን ማየት ይችላል፣ የመስታወት ክፍልፋዮቹ ድንቅ ናቸው። ከለንደን ውጭ ደግሞ ሊቨርፑል የምትሄዱ ፊልሃርሞኒክ ዳይኒንግ ሩምስን፣ ቤልፋስት የምትሄዱ ክራውንን እንዳታልፉ። ክራውን በብሔራዊ የቅርስ ድርጅት የተያዘ ፐብ ነው፤ በር ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ። ፍሊት መንገድ ያለውን ኦልድ ቼሻየር ቺዝን የቪክቶሪያ የሚሉት አሉ፣ እሱ ግን ከለንደን ቃጠሎ ማግስት በ1667 እንደገና የተሠራ ነው፣ ብዙ ይቀድማል።

ከደጅ የሚሰቀለውን ሥዕል ልብ በሉ። አገራችን ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ እንደሚታየው ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ጠማቂዎች ምልክት እንዲሰቅሉ በሕግ የታዘዙት በ1393 በንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ዘመን ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው በሥዕሉ ቤቱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ባንኮኒው።

ሰልፍ አይታይም፣ ተራ ግን አለ። ባንኮኒው ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ ከእሱ በፊት ማን እንደነበረ በልቡ ይይዛል፣ ቀጂውም ይይዛል። እጅ አታጨብጭቡ፣ አታፏጩ፣ ብር አታውለብልቡ። አገር ቤት ማጨብጨብ ነውር ላይሆን ይችላል፣ እዚህ ግን ስድብ ነው። ቀጂውን በዓይን ፈልጋችሁ ፈገግ ማለት ይበቃል። ተራችሁ ሳይደርስ ቀጂው ምን ልቅዳ ካላችሁ ደግሞ ወደ ሰውዬው ጠቁማችሁ «እሱ ይቀድመኛል» በሉ። ከዚህ ቃል በላይ ቤተኛ የሚያደርግ ነገር አላውቅም። ስታዝዙ የሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ንገሩ፣ ጊነስ የሚባለው ጥቁር ቢራ ካለበት መጀመሪያ እሱን ጥሩ፣ ተቀድቶ እስኪሰክን ጊዜ ይወስዳል። ክፍያው እዚያው ነው። «ቺርስ» ሲሏችሁ ብርጭቆ አንሱ ማለታቸው ላይሆን ይችላል፣ አመሰግናለሁም ማለት ነው።

ከእኛ ሰው ጋር ትልቁ ችግር ሂሳብ ነው። እኛ የምንታገለው ሂሳብ ሲመጣ ነው፤ በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ እጄን ልቀቀኝ። ፐብ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የለም። ያለው ዙር ነው። አንዱ ተነስቶ ለሁሉም ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። አራት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ አራት ዙር ሊሆን ነው፣ ያ ደግሞ ለብዙ ሰው ይበዛል። አልችልም ከሆነ ገና ስትቀመጡ «እኔ የራሴን ብቻ ነው የምገዛው» ማለት ነውር የለውም፤ ነውሩ ሁለት ዙር ጠጥቶ የራስን ሳይገዙ መጥፋት ነው። ቶሎ መሄድ ካለባችሁ የመጀመሪያውን ዙር እናንተ ግዙ። በየዙሩ ለስላሳ ማዘዝም ይቻላል፣ ማንም አይታዘባችሁም።

መለኪያው ፓይንት ነው፣ 568 ሚሊ ሊትር። ግማሹን ማዘዝ ይቻላል፣ እኔ አዲስ ቢራ ስሞክር ሁሌም ግማሽ ነው የማዝዘው። ወይን በ125፣ በ175 ወይም በ250 ይቀዳል፤ ትልቁ የጠርሙሱ ሲሶ ነው፣ ይህን አውቃችሁ እዘዙ።

ቢራው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚያዝነው። ባንኮኒው ላይ ረጃጅም እጀታዎች ቆመው ታያላችሁ። እነሱ የካስክ ኤል ናቸው። ይህ ቢራ ተጣርቶ ጋዝ የተሞላበት አይደለም፤ ምድር ቤት በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ገና እየፈላ ነው፣ ነፍስ አለው፣ ጋን ውስጥ እንዳለ ጠላ። ቀጂው እጀታውን ወደ ራሱ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ይስባል። ቢራው መጀመሪያ ደፍርሶ ይገባል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ ሲሄድ ታዩታላችሁ፣ አረፋው ስስ ነው። ሙቀቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ሞቋል ብላችሁ አትመልሱት፣ እንደዚያ ነው የሚጠጣው፤ ቢቀዘቅዝ የብቅሉ ጣፋጭነትና የመራራው ሽታ ይጠፋል። ኮምጥጦ እንደ ሆምጣጤ ከሆነ ግን በርሜሉ ቆይቷል ማለት ነው፣ ያኔ በትሕትና መልሱ፣ ደህና ቤት ከሆነ ሳይከራከር ይለውጣል። ሳትገዙ መቅመስም ይቻላል፣ «ልቅመሰው?» ብትሉ ትንሽ ይቀዱላችኋል። የቢራው ስም ያለበት ሰሌዳ ዞሮ ጀርባው ከታያችሁ ያ ቢራ አልቋል። ይህ ዓይነቱ ቢራ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ታገለለት፣ ዛሬ በየፐቡ የምናገኘው በእነሱ ጭምር ነው። ጥቁር የምትወዱ ፖርተር ካለ ጠይቁ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የለንደን ዕቃ ተሸካሚዎች የጠጡት ቢራ ነው፣ ስሙም ከእነሱ መጣ። ቀዝቃዛ ካልሆነ አልጠጣም የምትሉ ላገር እዘዙ፣ አለ።

ምግብም ባብዛኛው ባንኮኒው ላይ ነው የሚታዘዘው። ጠረጴዛ ያዙ፣ ቁጥሩን እዩ፣ ሄዳችሁ ንገሩ፣ ምግቡን ያመጡላችኋል። ኩሽናው ከቤቱ ቀድሞ ይዘጋል፣ ብዙ ቦታ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ። እርቦት 4 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው የሚያገኘው የታሸገ ቺፕስ ነው። እሱም ቢሆን ወግ አለው፤ ከረጢቱን በጎን ቀዳችሁ እንደ ገበታ ጠረጴዛው መሃል ትዘረጉታላችሁ፣ ሁሉም ያነሳል። አብሮ መቁረስ እኛ ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ታያላችሁ።

ከሳምንቱ ሁሉ እሑድን ምረጡ። የእሑድ ጥብስ የሚባለው ነገር በምድጃ የተጠበሰ የበሬ፣ የበግ ወይም የዶሮ ሥጋ ነው፣ በሥጋው ጭማቂ የተሠራ መረቅ ይፈስበታል። ከጎኑ የተጠበሰ ድንች፣ አትክልትና ዮርክሻየር ፑዲንግ ይመጣል፤ ፑዲንግ ቢሉትም ጣፋጭ አይደለም፣ ከእንቁላልና ከዱቄት የተጋገረ መሃሉ ጎድጓዳ ነገር ነው፣ መረቁን እዚያ ውስጥ ሙሉት። ለበሬው የሚሰጣችሁ ነጭ ማባያ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ የእኛ ሰው ይወደዋል። ለበጉ የናና ማባያ ነው። ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ቤቱ ይሞላል፤ 10 ሰዓት ላይ ከመጣችሁ ደግሞ የበጉ አልቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ጾምና ሥጋ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሶሴጅ ካልተጻፈ በቀር የአሳማ ነው። እንቁላል በሥጋ ተሸፍኖ የሚጠበሰው ስኮች ኤግ ሥጋው የአሳማ ነው። ባንኮኒው ላይ በከረጢት የሚሸጠው ቡናማ ቁርጥራጭ የአሳማ ቆዳ ነው፣ ቺፕስ መስሎት የበላ ወዳጅ አለኝ፣ በጣም ነው ያዘነው። ድንቹ በአንዳንድ ቤት፣ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ፣ በበሬ ስብ ይጠበሳል፤ ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ጠይቁ። ሜኑ ላይ ቪጋን የሚል ምልክት ካለ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። ካስክ ቢራም ቢሆን አንዳንዱ የሚጠራው ከዓሣ ፊኛ በሚወጣ ነገር ነው፣ ዓሣም የማይበሉ ጾመኞች ይህን ይወቁ። ሃይማኖታችሁ የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ የምላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ ነው። በአለርጂ ሕግ የተነሳ ምግቡ ውስጥ ስላለው ነገር መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማንም አይሰለችም።

ከፐብ ወጥተን ወደ ቆዩት ምግብ ቤቶች ስንሄድ ሥርዓቱ ይለወጣል፤ እዚህ አስተናጋጅ አለ፣ ቦታ ይያዛል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ኮቨንት ጋርደን አጠገብ ሜይደን ሌን ያለው ሩልስ በ1798 ተከፈተ፣ የለንደን አንጋፋው ምግብ ቤት እየተባለ ይጠራል። ቀይ ወንበር፣ ግድግዳ ሙሉ ሥዕልና ቀንድ። የታወቀበት የአደን ሥጋ ነው። ከነሐሴ 12 በፈረንጅ ጀምሮ ግራውስ የሚባለው የዱር ወፍ ይገባል፤ ቀስ ብላችሁ አኝኩ፣ የጥይት ፍንጣሪ ሊቀርበት ይችላል። ደግሞ የአደን ሥጋ ተተኩሶ የሞተ እንጂ ባርኮ የታረደ አይደለም፣ በዚህ ነገር የምትጠነቀቁ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይህን ከወዲሁ እወቁት። ለእኛ የሚመቸው በቅርፊት የተሸፈነው የበሬ ፓይ ነው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቀን።

ሥጋ በጋሪ እየተገፋ እጠረጴዛችሁ ድረስ መጥቶ እዚያው ሲቆረጥ ካያችሁ፣ ልማዱን ያስታወቀው በ1828 የቼዝና የሲጋራ ቤት ሆኖ የተከፈተው ሲምፕሰንስ ነው። ተጫዋቾቹ ጨዋታቸው እንዳይቋረጥ ሥጋው ወደ እነሱ ይሄድ ነበር። ቆራጩ ሲመጣ ዝም አትበሉ። የበሰለ ወይስ ቀይ፣ ስብ ይኑረው አይኑረው፣ ዳርና ዳሩ ወይስ መሃሉ። ቁርጥ ቤት ሥጋ ስትመርጡ እንደምትሆኑት ሁኑ፣ እነሱም ይህን ይወዱታል።

ሲቲ በሚባለው የለንደን የባንኮች ሰፈር ያለው ስዊቲንግስ የዓሣ ቤት ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ ብቻ፣ ቦታ አይያዝም። 6 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ።

ኪሳችሁ ቀለል ካለ ግን ልቤ ያለው ታወር ብሪጅ መንገድ ላይ ነው። ኤም ማንዜ ከ1902 ጀምሮ ፓይና የተፈጨ ድንች ይሸጣል። ግድግዳው ሴራሚክ፣ ጠረጴዛው እብነ በረድ፣ መቀመጫው ጠባብ አግዳሚ። ተሰልፋችሁ ትገዛላችሁ። ድንቹ ሳህኑ ዳር ላይ ይለጠፋል፣ ፓይው ይቀመጣል፣ ከላይ አረንጓዴ መረቅ ይፈስበታል። ሊከር ይሉታል፣ አልኮል ግን የለበትም፣ የፓርስሊ መረቅ ነው። በሹካና በማንኪያ ነው የሚበላው። ቆምጣጤ አብዝታችሁ ጨምሩ። የሠራተኛው ሕዝብ የለንደን ምሳ ይህ ነበር፤ አጠገባችሁ የተቀመጡት አዛውንት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሃምሳ ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ በልተው ሊሆን ይችላል፣ ጠይቋቸው፣ ያወሯችኋል።

ስለ ቲፕ። ፐብ ባንኮኒ ላይ አይጠበቅም፤ ቀጂው ጥሩ ሰው ከሆነ «አንድ ለራስህም ጨምር» ትሉታላችሁ፣ እሱ የትንሽ መጠጥ ዋጋ ይጨምራል። ምግብ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ ሂሳቡ ላይ ይጨመራል፣ ያ ካለ ሌላ አትስጡ። በፈቃድ የሚከፈል ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ አገልግሎቱ ከከፋ ይነሳልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞቹ እንዲደርስ ያዝዛል፣ እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቅር ሳይለኝ ነው የምከፍለው።

ምሽት 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ባንኮኒው ላይ ያለው ደወል ይመታል። የመጨረሻ ትዕዛዝ ማለት ነው፤ የሚፈልግ ይሄዳል። ሁለተኛ ሲመታ መሸጥ አቁመዋል፣ የያዛችሁትን ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ አላችሁ። ስትነሱ ባዶ ብርጭቆዎቻችሁን ሰብስባችሁ ባንኮኒው ላይ አኑሩ፣ አመስግኑ። ደጅ ስትወጡ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ከፎቁ ላይ የተኛ ሰው አለ።